ክረምት የተጋጠመ

እንጨት ይጠጣል። ለቅኔ ያህል አይደለም የምንለው፤ ሲጠጣ አይተነዋል። አንዱ ጣውላ የቀባነውን ቀለም ዋጥ አድርጎ «ድገሙኝ» ሲል፣ ሌላው እንደ ጾመኛ አፉን ገጥሞ ይቀመጣል። ከአንድ ግንድ የወጡ ሁለት ቁራጮች እንኳ እኩል አይጠጡም። በመጋዝ የተቆረጠው ጫፍማ፣ ቃጫው አፉን ከፍቶ የሚታይበት ወገን፣ ጠገብኩ አያውቅም፤ ከፊቱ ይልቅ እሱ ይጠቁራል። ሥራውን ስንጀምር ከዚህ ሁሉ አንዱንም አናውቅም ነበር።

ሥራው የምንለውን እንንገራችሁ። ሁለት የሥነ ጥበብ ተማሪዎች ነን፤ አንዳችን ሥዕል፣ አንዳችን ቅርጻ ቅርጽ። አምና ክረምት ጓደኞቻችን ወደየአገራቸው ሲገቡ እኛ አዲስ አበባ ቀረን። ግድግዳ ላይ የሚሰቀል፣ ሰውም ቤትም ፈረስም የማይታይበት፣ ቀለም ከጠጡ የጣውላ ስንጥሮች የተገጣጠመ ነገር ልንሠራ አሰብን። እውነቱን ለመናገር ወደ እንጨት የገፋን የሸራ ዋጋ ነው፤ ፍልስፍናው በኋላ ደረሰ። ድፍረቱን የሰጠን ደግሞ ዘሪሁን የትምጌታ ነው። የቀርከሃ ስንጥሮችን ጎን ለጎን ደርድሮ በላያቸው እየሣለ በ1992 እ.ኤ.አ. በዳካር ቢዬናሌ ተሸላሚ የሆነ ሰው ካለ፣ «እንጨት የአናጢ ነው» ብሎ የሚከለክለን ማን ነው? አልን።

እንጨቱን ከመርካቶ፣ ከምናለሽ ተራ ለቀምነው። የተሰበረ የዋንዛ አግዳሚ፣ የዝግባ ሣጥን ክዳን፣ ሲላግ ዛሬም የሚሸት የጥድ መቃን። ሳይበቃን ሲቀር ከመንገድ ዳር የባሕር ዛፍ ሞራሌ ጨመርን፤ ገና እርጥብ ነበር። (ይህችን እርጥብነት ያዙልን፤ እንመለስባታለን።)

ቀለሙን ከሱቅ አልገዛንም። የመጀመሪያው ቡና ነው። የአከራያችንን የቡና አተላ ለምነን፣ አፍልተን፣ አጥልለን ቀባን፤ ሲደርቅ ደገምን፤ ሲደርቅ ሠለስን። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያልን ነበር የምንቆጥረው። ለቢጫ እርድ ሞከርን፤ አቤት ሲያምር! መስኮት አጠገብ ያስቀመጥነው ቁራጭ ግን በሦስት ሳምንት ውስጥ ፀሐይ መጥጣው ገረጣ። ቢጫውን በጥቂቱ፣ ያውም በጥላ በኩል ብቻ አስቀረነው።

ያበደን ጥቁሩ ነው። የድስት መፈግፈጊያ ሽቦ አቼቶ ውስጥ ዘፍዝፈን ሳምንት አቆየነው። ፈሳሹ ሲታይ ምንም አይመስልም፣ ቅጥነቱ እንደ ጠላ ቅራሪ ነው። ጣውላውን አስቀድመን በወፍራም ሻይ አጠጣነውና አቼቶውን በላዩ አስኬድነው። ደቂቃ አልፈጀም፤ ዓይናችን እያየ ግራጫ ሆነ፣ ከዚያ ሰማያዊ መሰለ፣ ከዚያ ጨለመ። ብረቱና በሻይ ውስጥ ያለው ቆዳ አልፊ ነገር ሲገናኙ ነው የሚጠቁረው። እኛ የቀባነው ጥቁር የለም እኮ! ጥቁሩ እዚያው እንጨቱ ውስጥ ተወለደ። ያን ሌሊት አልተኛንም። የባሕር ዛፉን ሞራሌ በሙሉ ጥቁር አደረግነው።

ሁሉንም ኮምፔርሳቶ ላይ በኮላና በምስማር ገጠምነው፤ ወርዱ አንድ ሜትር፣ ቁመቱ አንድ ሜትር ከአርባ። የተረፈ ኮላ የነካው ቦታ ቀለም እምቢ እንደሚል ያወቅነው ያኔ ነው። በመካከሉ የእጃችን አሻራ ነጭ ሆኖ ቀረ። ልንፍቀው ሞከርን፤ ባሰበት። መጨረሻ ላይ አቼቶውን ደጋግመን ደፋንበትና መሐሉ ሁሉ አንድ ትልቅ ጥቁር ሆነ። እንግዲህ ጥፋት መሸፈኛ ነበር፤ ሌላ ምንም አልነበረም።

ሰፈራችን ያሉ አንድ ሽማግሌ አናጢ ነሐሴ መጨረሻ ላይ መጥተው አዩት። ጋሼ እንላቸዋለን። «ምንድን ነው?» አላሉም። አውራ ጣታቸውን በመጋጠሚያው ላይ አስኬዱና፣

«ክረምት የተጋጠመ ነው» አሉ።

«አዎ ጋሼ።»

«እንግዲህ በጋ ይከፍተዋል። እንጨት በወርዱ ነው የሚተነፍስ፤ እናንተ ደግሞ ጠፍራችሁታል፣ ልጆቼ።»

ሳቅን። ሽማግሌ ሲናገር እንዲህ ነው ብለን።

ጥቅምት ላይ ሥራው ከሌሎች ተማሪዎች ሥራ ጋር ለእይታ ተሰቀለ። «ምንን ይገልጻል?» የሚለው ጥያቄ መጣ። ጥያቄው አዲስ አይደለም፤ ገብረ ክርስቶስ ደስታ በ1950ዎቹ ዓ.ም. ከጀርመን ተምሮ ተመልሶ ረቂቅ ሥዕሎቹን ሲያሳይም ሰው እንዲሁ ግራ ተጋብቷል። «ምንንም አይገልጽም፤ እንጨቱ ሲጠጣ እንዲህ ሆነ» ለማለት ወኔው አልነበረንም። አንዳችን «ስደት» አለ። ሌላው ወዲያው ተቀበለው፤ «ቢጫው ተስፋ ነው፣ ጥቁሩ ባሕር ነው።» አፋችን እንዴት እንደተስማማ! ሰዉ ራሱን ነቀነቀ። ወረቀት ላይ «ስደት» ብለን ጽፈን ከሥሩ ለጠፍን።

ከተመልካቾቹ አንዷ የእኛው ዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ሁሉ ሲወጣ ቀረች። ወንድሟ በሊቢያ በኩል ባሕር ሊሻገር ወጥቶ ድምፁ ከጠፋ ሁለት ዓመት ሆኖታል። «ባሕሩ የቱ ነው ያላችሁት?» ስትል ጠየቀችን። ኮላ የሸፈንበትን ቦታ በጣታችን አሳየናት። ብዙ ቆማ አየችው። «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ወጣች። ማታ ወደ ቤት ስንሄድ አንዳችን ለሌላችን አንዲት ቃል አልተነፈስንም።

ጥር ገባ። ከጥምቀት በኋላ አንድ ጠዋት መጥተን ስናይ ተከፍቷል። ዋንዛውና ዝግባው ያረጁ ስለሆኑ እምብዛም አልነቃነቃቸው፤ እርጥብ የገዛነው ባሕር ዛፍ ግን ሸሽቷል። በጥቁሩ መካከል ከላይ እስከ ታች የክብሪት እንጨት የሚያህል ስንጥቅ፣ ውስጡም ቀለም ያልደረሰው ነጭ እንጨት።

ተጨቃጨቅን። አንዳችን በሰጋቱራና በኮላ ደፍነን እናጥቁረው አለ። ሌላው ቤተ መጻሕፍት ሄዶ የጋናዊውን የኤል አናትሱይን ሥራዎች ፎቶግራፍ ይዞ መጣ፤ በሞተር መጋዝ የተቦረቦሩ፣ በእሳት የተለበለቡ ጣውላዎች፣ ጎን ለጎን የተሰቀሉ፣ በመካከላቸው ክፍተት ያለ። «ይኸው፣ እሱስ ክፍት አይደል የተወው?» አዎ፣ ግን እሱ አስቦ ነው የተወው፤ የእኛ በራሱ ነው የተከፈተው። በዚህ ሦስት ቀን ተኳረፍን። ያጣላን ስንጥቁ ብቻ እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቀው ነበር።

በአራተኛው ቀን «ስደት» የሚለውን ወረቀት ላጥነው። ከዚያ ልጅቷን ፈልገን አገኘናትና ይዘናት መጣን። ባሕር ያልናት የኮላ ጥፋት መሆኑን፣ ስሙን እዚያው ቆመን የፈጠርነው መሆኑን ነገርናት። ስንናገር እጃችንን የምናደርግበት አጣን። እሷ ግን ስንጥቁን ነበር የምታየው።

«ይኼ ነጩስ?»

«እንጨቱ ነው። ቀለም ያልነካው።»

የአውራ ጣቷን ጥፍር ስንጥቁ ውስጥ አስገብታ ከላይ ወደ ታች አወረደችው፤ ልክ እንደ ጋሼ። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣን ይሻለን ነበር።

«ክረምት ሲገባ ይዘጋል?»

ጋሼን ጠይቀናቸው ነበር። «ጥቂት ይጠባል፤ እንደ ድሮው ግን አይገጥም» ብለዋል። ይህንኑ ነገርናት።

«እንግዲያው ሐምሌ ላይ መጥቼ አየዋለሁ» አለች፤ ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች።

ይህን የምንጽፈው ሚያዝያ ላይ ነው። ስንጥቁ እንዳለ ነው፤ አልደፈንነውም።