ከኢንቾን ስንመለስ

የኮሪያ ዋና ከተማ የሴኡል መግቢያ የሆነው የኢንቾን አይሮፕላን ጣቢያ፥ በደሴቶች መካከል የነበረው ባሕር በአፈር ተደልድሎ የተሠራና በ1993 ዓ. ም. ሥራ የጀመረ ነው። ወደ አገራችን ለመመለስ በዚህ ጣቢያ ተሰልፈን ሳለን፥ ልጃቸውን ጠይቀው የሚመለሱ አንዲት እናት ፓወር ባንክ የሚባለውን የስልክ ኃይል መሙያ በነጠላ ጠቅልለው በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ሊሸሽጉ ሲሉ አየን።

«እማማ፥ እርሱስ በእጅዎ ቢሆን ይሻላል» አልናቸው።

«ልጆቼ፥ ስመጣ የያዝሁትን ቦሌ ላይ አይተው አሳለፉኝ፤ በመንገድ ባረፍንበት አገር ግን ጽሑፉ ጠፍቷል ብለው ወሰዱብኝ። ይህን ደግሞ ልጄ የገዛልኝን እንዳላጣው ብዬ ነው» ሲሉ መለሱልን።

ቅሬታቸው እውነት አለው። የዓለም አቀፉ ደንብ ፓወር ባንክ በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ እንዳይሄድ ይከለክላል። ነገር ግን እያንዳንዱ አገርና አየር መንገድ የየራሱን ይጨምርበታል። ጥር 20 ቀን 2017 ዓ. ም. በዚያው በኮሪያ፥ በጊምሄ ጣቢያ ለመነሣት በተዘጋጀ አይሮፕላን ላይ እሳት ተነሣ፤ የነበሩት 176 ሰዎች ሁሉ በሕይወት ወጡ። መርማሪዎችም የእሳቱ መነሻ ፓወር ባንክ ሳይሆን አይቀርም አሉ። ከእሳቱ በኋላ ኮሪያ በየካቲት 22 ቀን ከራስ በላይ ባለው የዕቃ ማስቀመጫ እንዳይቀመጥ አዘዘች፤ ቻይና በሰኔ 21 ቀን የራሷ የጥራት ምልክት የሌለበትን ከአገር ውስጥ በረራ ከለከለች፤ የዱባዩ ኤሚሬትስም ከመስከረም 21 ቀን 2018 ዓ. ም. ጀምሮ ለአንድ ሰው አንድ ብቻ ፈቅዶ በበረራ ላይ መጠቀሙን ከለከለ።

ደንቡ እንዲህ ሲለያይ፥ መንገደኛው ምክንያቱን ትቶ መደበቅን ይማራል። የተደበቀው ግን ከሁሉ የከፋ ነው፤ በመንገደኞች ክፍል ቢጤስ አስተናጋጆች አይተው በውሃ ያቀዘቅዙታል፤ በታችኛው የጭነት ክፍል ቢነድ ግን በበረራ ላይ እጁን የሚያደርስበት ሰው የለም።

ይህን ባስረዳናቸው ጊዜ፥ «እንዲህ ብሎ የነገረኝ አንድም ሰው አልነበረም» ብለው ከነጠላው ፈትተው በእጅ ቦርሳቸው አኖሩት።

መንግሥታት ደንባቸውን ቢያስተባብሩ መልካም ነው። እስከዚያው ግን ደንብ አስከባሪ የሆነ ሁሉ ሲከለክል ምክንያቱን በሁለት ቃል ቢያስረዳ፥ «ሳይቃጠል በቅጠል» የተባለው በእውነት ይፈጸማል።