ካሜራው «ባለ ስንት» ነው ለምትሉኝ

የጥር 25ን የመርቆሬዎስ የፈረስ ጉግስ ፎቶዎች ከለጠፍኩ ወዲህ ኢንቦክሴ በአንድ ዓይነት ጥያቄ ተሞልቷል። «ቲቸር፣ ካሜራው ባለ ስንት ነው?» «ባለ 83ቱ ይሻላል ወይስ ባለ 125ቱ?» ለአብዛኛው በአጭሩ እየመለስኩ አልፌያለሁ። አንዷ የድሮ ተማሪዬ ግን ከዓረብ አገር እንዲህ ብላ ጻፈችልኝ፦ «ለወንድሜ ያንን ሩቅ የሚስበውን ካሜራ ልገዛለት ነው፤ ሠርግ እያነሳ ራሱን ይቻል።» እሷን በሁለት መስመር መመለስ ከበደኝ። እዚያ ያለች ልጅ ገንዘብ እንዴት እንደምታጠራቅም ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። ረዘም ይላል፤ ቡና እየጠጣችሁ አንብቡት።

መጀመሪያ ቁጥሩን እንፍታው። የእኔ ካሜራ ኒኮን ኩልፒክስ ፒ900 ነው፤ በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ ያገለገለ ሆኖ የገዛሁት። ሳጥኑ ላይ «83 ኤክስ» ይላል። ብዙ ሰው ይህን «ከዓይን 83 ጊዜ ያቀርባል» ብሎ ይረዳዋል። አይደለም። 83 የተገኘው የሌንሱ ረጅሙ ለአጭሩ ሲካፈል ነው፤ 357 ሚሊ ሜትር ለ4.3። ፊዚክስ ያስተማርኳችሁ ይህ አይጠፋችሁም። በፎቶ ሰዎች አቆጣጠር ሌንሱ «ከ24 እስከ 2000» ይባላል። ዓይናችን የሚያየውን ያህል የሚያሳየው 50 አካባቢ ያለው ስለሆነ፣ 2000 ለ50 ስናካፍል 40 ይመጣል። ከዓይን የሚያቀርበው 40 ጊዜ ነው ማለት ነው። እሱም ቢሆን ቀላል አይደለም። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው ፒ1000 ደግሞ «125 ኤክስ» ይላል፤ መጨረሻው 3000 ነውና ከዓይን 60 ጊዜ። የካኖኑ ኤስኤክስ70 «65 ኤክስ» ቢባልም ከ21 ስለሚጀምር መድረሻው 1365 ነው፤ ከዓይን 27 ጊዜ ብቻ። ስታወዳድሩ ኤክሱን ተዉትና የመጨረሻውን ቁጥር ጠይቁ።

ይህ ሁሉ ርቀት የመጣው ከሴንሰሩ ትንሽነት ነው። ምስሉ የሚያርፍበት ሰሌዳ 6.2 በ4.6 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከትንሿ ጣታችሁ ጥፍር ያንሳል። ምስሉ ጠባብ ቦታ ላይ ስለሚያርፍ የ357 ሚሊ ሜትር ሌንስ የ2000ን ሥራ ይሠራል። ለትልቁ ካሜራ እውነተኛ የ2000 ሌንስ ቢሠሩለት አህያ የሚጫነው ዕቃ ይሆን ነበር። ብሪጅ፣ ማለትም ድልድይ፣ የተባለውም በኪስ ካሜራና ሌንሱ በሚቀያየረው ትልቅ ካሜራ መካከል ስለቆመ ነው። ድልድዩ ግን ኬላ አለው፤ ኬላው የሚቀርጠው ብርሃን ነው።

የመርቆሬዎስ ዕለት ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ ሜዳው ላይ ደመና አልነበረም። ሌንሱ ሙሉ በሙሉ ሲወጣ ቀዳዳው ኤፍ 6.5 ነው። በዚያ ፀሐይ፣ በአይኤስኦ 200፣ የአንድ ሰከንድ አንድ ሺሕኛ ይሰጠኛል። የሚጋልብ ፈረስ ቀጥ አድርጎ ለማስቀረት ይበቃል። ፎቶዎቹን «ዋው» ያሰኛችሁ ፀሐይዋ ናት። ያው ፈረስ ለ12 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲል ቢጋልብልኝ ካሜራው አይኤስኦውን ወደ 1600 ይሰቅለዋል፤ ያኔ ጋማውና የፈረሱ ጌጥ አንድ ላይ ተለውሰው እንደ ገንፎ ይሆናሉ።

እንግዲህ እህቴ፣ ሠርግ የት ነው የሚነሳው? ዳስ ውስጥ፣ ድንኳን ውስጥ፣ ማታ ሙሽራው ሲገባ፣ በአምፖል። ሙሽራዋ ያለችው ከካሜራው 3 ሜትር ላይ ነው። 2000 ለእሷ ምን ያደርግላታል? ፒ900 ከላይ ትልቅ ፍላሽ የሚሰካበት ቦታ እንኳ የለውም፤ ያለው ብቅ የምትል የራሱ ትንሽ ፍላሽ ናት። ለወንድምሽ ሌንሱ የሚቀያየር ያገለገለ ካሜራ ፈልጊለት፤ ከኪቱ ሌንስ ሌላ አንድ 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 እና አንድ ፍላሽ ጨምሪበት። 50 ኤፍ 1.8 ካኖንም ኒኮንም ካሏቸው ሌንሶች ርካሹ መደብ ውስጥ ነው። የዚያ ካሜራ ሴንሰር ከእኔው 12 እጥፍ ገደማ ይሰፋል። ዳሱ ውስጥ እንጀራ የሚሆነው እሱ ነው። ሩቅ የሚስበውን ገዝተሽ ብትልኪለት የመጀመሪያ ሠርጉ ላይ ያፍራል፤ ሁለተኛ የሚጠራውም አይኖርም።

ታዲያ ይህ ካሜራ ለማን ነው? መጠጋት ለማይችል ሰው፤ ወይም መጠጋት ለማይገባው።

ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ ቁልቁል ስትወርዱ 900 ሜትር ያህል ከፍታ ትለቃላችሁ። ታች ፎገራ ሜዳ ላይ በበጋው ክሬን የሚባሉት ባለ ረጅም እግር ወፎች ይሰፍራሉ፤ ከሩሲያና ከምሥራቅ አውሮፓ መጥተው ጣና ዙሪያ የሚከርሙ አሉ። የአገራችንም አሉ፤ እነዚያ ራሳቸው ላይ ወርቃማ ላባ እንደ ዘውድ የደፉት። ጣና በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ሆኖ ሲመዘገብ ከምክንያቶቹ አንዱ ይህ የወፍ ሀብት ነው። በስልክ ላነሳቸው ብላችሁ ብትጠጉ ይነሳሉ፤ ለቀማቸውን ትተው፣ አቅማቸውን በከንቱ አባክነው። በ2000 ግን 200 ሜትር ላይ ቆማችሁ ከጎን እስከ ጎን 3 ሜትር ተኩል ያህል ቦታ ብቻ ሥዕሉን ይሞላዋል። ወፏ አንገቷን ደፍታ ትለቅማለች፤ መኖራችሁንም አታውቅም። እኔ በዚህ ካሜራ ላይ ከምወደው ነገር ሁሉ የሚበልጥብኝ ይህ ነው።

እዚያ ሜዳ ላይ ደግሞ ሌላ ጠላት አለ፤ አየር። መሬቱ ሲግል ከላዩ ያለው አየር ይንቀጠቀጣል። በአስፋልት ላይ በቀትር ውሃ መስሎ የሚታያችሁ ነገር እሱ ነው። ከዓይን 40 ጊዜ ስታቀርቡ ንቅጥቅጡንም 40 ጊዜ ታቀርቡታላችሁ። ከረፋዱ 5 ሰዓት በኋላ ፎገራ ላይ 300 ሜትር የራቀ ወፍ ማንሳት ባትሪ መጨረስ ነው። የ10 ሺሕ ዶላር ሌንስ የያዘውም ሰው የሚያነሳው ያንኑ የሚንቀጠቀጥ አየር ነው። ሰዓቱ ከጠዋቱ 12 ተኩል እስከ 2 ተኩል ነው፤ ሌሊት 10 ሰዓት መነሳት ያልሆነለት ይቅርበት። ጉናም እንዲሁ ነው። ክረምቱ እንዳለፈ፣ መስከረም መጨረሻና ጥቅምት ላይ፣ አየሩ ታጥቦ ጫፉ ከከተማው ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ግን አቧራና ጭስ ይጋርደዋል። ያኔ ዙሙ የሚያመጣላችሁ ግራጫ ግድግዳ ነው። ጉና ላይ ያ አጥንት ወደ ሰማይ ይዞ ወጥቶ ድንጋይ ላይ እየጣለ የሚሰብረው ትልቁ አሞራ ሲያልፍ ለማንሳት ከፈለጋችሁ፣ ወደ ተራራው ውጡ። ርቀቱን ሁሉ ለካሜራው አትተዉለት።

የእጅ ነገር። በሙሉ ዙም ሥዕሉ የሚያሳየው አንድ ዲግሪ ገደማ ነው። ትንፋሻችሁ ብቻ ወፏን ከሥዕሉ ያስወጣታል። ካሜራው ውስጥ መንቀጥቀጥ የሚቀንስ መሣሪያ አለ፤ ጥሩ ነው፤ ተአምር ግን አይሠራም። ትራይፖድ ከሌላችሁ ትንሽ ከረጢት ባቄላ ሙሉና አጥር ወይም ድንጋይ ላይ አስቀምጡ፤ ሌንሱን እላዩ ላይ አስተኙት። ባቄላ የሚጠፋበት ቤት እኛ አገር የለም። የቆመ ነገር ስታነሱ የ2 ሰከንድ ሰዓት ቆጣሪውን ክፈቱት፤ ቁልፉን ስትጫኑ የሚመጣውን ንዝረት ያሳልፋል። ሌላው ጀማሪን የሚያበሳጨው የዒላማው መጥፋት ነው። ሙሉ ዙም ላይ ሆናችሁ ሰማይ ላይ ወፍ መፈለግ በሸምበቆ ቀዳዳ ፍየል እንደ መፈለግ ነው። ፒ900 ጎኑ ላይ አንድ ቁልፍ አለው፤ ስትጫኑት ዙሙ ለጊዜው ወደ ኋላ ይመለስና ሰፋ አድርጎ ያሳያል፣ ስትለቁት ወደነበረበት ይገባል። ሰው ገዝቶ አንድ ዓመት ሙሉ ይህን ቁልፍ ሳያውቀው ይቀራል።

ወደ ምርጫው። ፒ1000 ቁጥሩ ያጓጓል፤ ግን 1 ኪሎ ከ400 ይመዝናል፣ መጨረሻው ላይ ቀዳዳው ወደ ኤፍ 8 ይጠባል፣ በአንድ ቻርጅ የሚሰጠውም 250 ፎቶ አካባቢ ነው። ፒ900 900 ግራም ሆኖ ወደ 360 ይሰጣል። ደብረ ታቦር ከባድ ነገር መጎተት አዲሷ አይደለም፤ ሴባስቶፖልን ከጋፋት እስከ መቅደላ ጎትተናል፣ 7 ቶን ገደማ። ግን ያኔ ብዙ ሺሕ ሰው ነበር፤ እናንተ ብቻችሁን ናችሁ። መብራት በሚጠፋበት ከተማ የባትሪ ነገር ከሜጋፒክሰል ይበልጣል፤ ፒ900 በዩኤስቢ ገመድ ቻርጅ መደረጉ ትልቅ ነገር ነው። ፎቶውን በኮምፒውተር በደንብ ማረም ለሚፈልግ በ2020 እ.ኤ.አ. የመጣው ፒ950 ጥሬ ፋይል ይሰጣል፤ የፍላሽ መሰኪያም አለው። አቧራና ካፊያ የሚያስጨንቃችሁ የፓናሶኒኩን ኤፍዜድ300 እዩ፤ 600 ላይ ቢቆምም ቀዳዳው እስከ መጨረሻው ኤፍ 2.8 ነው። የሶኒው አርኤክስ10 አራተኛው ሴንሰሩ የእኔን 4 እጥፍ ነው፤ ከሁሉም የተሻለ ምስል ይሰጣል፣ ዋጋው ግን በወጣበት 1700 ዶላር ነበር። ፒ900 ሲወጣ 600፣ ፒ1000 ደግሞ 1000 ዶላር ነበሩ። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ከመለቀቁ በፊት 1 ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ከ100 አልፏል። ቀሪውን ሒሳብ በመምህር ደመወዝ አካፍሉት፤ መልሱን እዚህ አልጽፈውም።

ያገለገለ ስትገዙ ሻጩ ፊት ዙሙን እስከ ጫፍ አውጡና መልሱ፤ ድምፁ ከተንቋቋ ወይም መሐል ላይ ከቆመ ተዉት። ከዚያ ንጹሕ ሰማይ በሙሉ ዙም አንሱና ሥዕሉን ተመልከቱ፤ ጥቁር ነጠብጣብ ካለ አቧራ ገብቷል። ሌንሱ ስለማይወልቅ እናንተ ልታጸዱት አትችሉም። እነዚህ ሌንሶች ሲረዝሙ አየር ይስባሉ፤ አቧራማ ሜዳ ላይ የዋለ ካሜራ ደግሞ አየር ብቻ አይደለም የሚስበው። እኔ ጉግስ ላይ አንድ ጊዜ አውጥቼ እዚያው አቆየዋለሁ፤ ወጣ ገባ አላደርገውም።

ስለ ሰው ላንሳ። ይህ ካሜራ 100 ሜትር ላይ ቆሞ የምታለቅስ እናት ዓይን ውስጥ ያለውን እንባ ያነሳል። መቻሉ መብት አይሰጥም። በዓል ላይ ፈረሰኛውን አነሳለሁ፤ እሱ ሊታይ ነው የወጣው። ጥግ ይዛ የምትጸልየውን ሴት አላነሳም። ፊቱ በደንብ የታየ ሰው ካገኘሁ ሄጄ አሳየዋለሁ፤ ከፈለገ በቴሌግራም እልክለታለሁ፣ ካልፈለገ ፊቱ እያለ አጠፋዋለሁ። እስካሁን አጥፋ ያሉኝ ጥቂቶች ናቸው፤ አብዛኛው «ፈረሴን ጨምረህ ላክልኝ» ነው የሚለው።

ሌላው ደግሞ ጊዜው ነው። ከሩቅ ሲታይ ጥቁር ረጅም ቱቦ ዓይኑ ላይ ደግኖ ወደ ተራራ ያነጣጠረ ሰው ምን ሊመስል እንደሚችል አስቡት። ወፍ ፍለጋ ስወጣ ለአካባቢው ሰው ሳልናገር፣ ካሜራውንም ሳላሳይ አልጀምርም። መንገድ ላይ ከቦርሳዬ አላወጣውም። ከብት የሚጠብቁትን ልጆች ጠርቼ ስክሪኑን አሳያቸዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ ወፎቹ የት እንዳሉ የሚነግሩኝ እነሱ ናቸው። የሚያጠራጥር ቀን ከሆነ ቤቴ እውላለሁ። ወፏ ነገም ትመጣለች።

ቤት ስውል ማታ ማታ ጨረቃ አለች። ሙሉ ስትሆን ሳይሆን ግማሽ ስትሆን አንሷት፤ ጥላው ጉድጓዶቹን ያወጣቸዋል። ጎረቤታችን ያሉ እናት ስክሪኑን አይተው «ይህ ሁሉ የምን ጠባሳ ነው?» ብለውኛል። ጁፒተርንም ሞክሩ፤ ባቄላው ከረጢት ላይ ሆኖ አራቱ ጨረቃዎቹ እንደ ነጥብ ተሰልፈው ይታያሉ። ጋሊሊዮ በ1610 ያያቸው እነዚሁ ናቸው፤ የእሱ ቴሌስኮፕ ከዓይን 20 ጊዜ ያህል ብቻ ነበር የሚያቀርበው።

ፀሐይን ግን ያለ ማጣሪያ በፍጹም። ሰኔ 14 ቀን 2012 ላሊበላ ላይ ቀለበት የሆነውን ግርዶሽ ታስታውሳላችሁ። የብሪጅ ካሜራ ማያ ኤሌክትሮኒክ ስለሆነ ዓይናችሁን ላይጎዳው ይችላል፤ ሴንሰሩ ግን ይቃጠላል። ማጣሪያው የሚገጠመው ከሌንሱ ፊት ነው። በሚቀጥለው ዓመት፣ ሐምሌ 26 ቀን 2019፣ በሰሜን አፍሪካ አልፎ ዓረቢያን የሚያቋርጥ ሙሉ ግርዶሽ አለ፤ እኛ ጋ በከፊል ይታያል፣ ከቀትር በኋላ። ሐምሌ ነውና የደብረ ታቦር ደመና ይፈቅዳል ብዬ አልምልም። ከገለጠልን ግን ካሜራውን ተማሪዎች በሚያዩበት ቦታ አቆመዋለሁ። ውጭ ያላችሁ ልጆች፣ ለ67 ሚሊ ሜትር ሌንስ የሚሆን የፀሐይ ማጣሪያ ዋጋው ስንት እንደሆነ አይታችሁ በውስጥ ጻፉልኝ።