ሙዚቃውን ቀንሱትና ጎማውን ስሙት

ድሬ ላይ ትንሽ መኪና የያዘ ሰው ሁሉ የሚያነሳት አንድ ቅሬታ አለች፦ «መኪናዋ ጥሩ ናት፣ ግን ጎማዋ ይጮኻል።» በከዚራ ዛፎች ጥላ ሥር ቀስ ብለን ስንነዳ ምንም የለም። ከከተማው ወጥተን መንገዱ ሲለቀቅልን ከወለሉ ሥር ጉርምርምታ ይጀምራል፤ ለስላሳ አስፋልት ላይ ይሳሳል፣ ጠጠሩ አግጦ የወጣበት ላይ ደግሞ ከኋላ የተቀመጠው ሰው የሚያወራውን እስከመዋጥ ይደርሳል። ያኔ አብዛኞቻችን እጃችንን ወደ ቴፑ እንሰዳለን። ይህን የምጽፈው እጃችሁን ከቴፑ ላይ እንድታነሱ ለመለመን ነው።

መጀመሪያ መኪናዋን አንውቀሳት። ቪትዝም ሆነች ያሪስ፣ ዲዛየርም ሆነች አልቶ፣ ቀልላ ነዳጅ እንድትቆጥብና ዋጋዋ እንዲቀንስ ተብላ የተሠራች ናት። ላሜራዋ ስስ ነው፤ ከምንጣፏ ሥር ያለው የድምፅ መከላከያም ጥቂት ነው። ድምፁ ደግሞ የሚገባው በሁለት መንገድ ነው። ቀጭኑ፣ «ሽሽሽ» የሚለው፣ በአየር መጥቶ በበር ጎሚኒና በመስታወት በኩል ይገባል። ወፍራሙ ጉርምርምታ ግን ከጎማ ወደ ቸርኬ፣ ከቸርኬ ወደ ሾክና ሞላ እየተላለፈ ወለሉንና ጣሪያውን ያንቀጠቅጣል። ብዙ ብር አውጥቶ በሮቹን ስፖንጅ ያስሞላ ሰው «ምንም ለውጥ የለውም» የሚለው ለዚህ ነው፤ የዘጋው የአየሩን መግቢያ ነው፣ የሚያስቸግረው ግን በብረቱ የሚመጣው ነው። የድልድይ መጋጠሚያ ስንረግጥ የምንሰማው «ዱንግ» ደግሞ ጎማው ውስጥ የታሰረው አየር ራሱ ሲያስተጋባ ነው።

ፍጥነትም አለ። በተመጣጠነ ፍጥነት ስንሄድ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር አካባቢ ላይ የጎማው ድምፅ ከሞተሩ ይበልጣል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ወደ 10 ዴሲቤል ገደማ ይጨምራል፤ ይህ ለጆሯችን እጥፍ ጩኸት ማለት ነው። ስለዚህ 50 ላይ ዝም ያለችው መኪና በድሬ–ደወሌ የክፍያ መንገድ 100 ስትገባ ብትጮህ ተበላሽታ አይደለም።

ድሮ ይህን የሚያነሳ ሰው አልነበረም። በድሬና በሐረር ታክሲ ሆና ስንት ትውልድ ያመላለሰችው ፔጆ 404 ሞተሯ፣ በሯ፣ ወንበሯ ሁሉ ድምፅ ስለነበረው ጎማዋን ለይቶ የሚሰማ የለም። ባጃጅም ያው ነው። ነገሩ የተገለጠው አሁን ነው። በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና እየበዛ ነው፤ ሞተሩ ዝም ሲል የቀረው የጎማ ድምፅ ብቻ ሆነ። በዚያ ላይ ባትሪዋን ስለምትሸከም ከእኩዮቿ ትከብዳለች፣ ጎማዋም ብዙ ይችላል። አውሮፓ ውስጥ አዳዲስ የኤሌክትሪክ መኪኖች እስከ 20 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ድረስ ሰው ሠራሽ ድምፅ እንዲያሰሙ ሕግ ያስገድዳል፤ ከዚያ በላይ እግረኛውን ለማስጠንቀቅ የጎማው ድምፅ ይበቃል ተብሎ ነው። መጋላ ውስጥ ሕፃኑ፣ ባጃጁና ፍየሉ በአንድ መንገድ ሲተራመሱ ላየ ሰው የዚህ ሕግ ትርጉም ወዲያው ይገባዋል።

አሁን ወደ ድሬ ሙቀት ልምጣ፤ ዋናው ጉዳዬ እሱ ነው። ሙቀት ጎማ ላይ ሁለት ተቃራኒ ሥራ ይሠራል። ለጊዜው ላስቲኩን ያለሰልሰዋል፤ በቀትር የሞቀ ጎማ ከማለዳው ቀዝቃዛ ጎማ በጥቂቱ ዝም ያለ ነው። በዓመታት ውስጥ ግን ያደርቀዋል። የደረቀ ላስቲክ መንገዱን አይዝም፣ ይመታዋል እንጂ፤ ስለዚህ ይጮኻል፣ ዝናብ ሲጥልም ይንሸራተታል። ጥርሱ ገና ሳያልቅ ድምፁ ከዓመት ዓመት እየጨመረ የመጣ ጎማ የእርጅናውን ወሬ እየነገራችሁ ነው።

ከዚህ የከፋው ግን እኛው የምናደርገው ነው። ግንቦትና ሰኔ ላይ ጎሚስታው ጋ የሚቆም ሾፌር ስንቱ ነው «አቦ ሙቀቱ አይቻልም፣ ትንሽ ንፋስ ቀንስልኝ፣ እንዳይፈነዳ» የሚለው! ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ንፋሱ ያነሰ ጎማ በተሽከረከረ ቁጥር ጎኑ ይተጣጠፋል፣ ሲተጣጠፍ ይሞቃል፣ ከውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት ነው ክሩን ከላስቲኩ የሚለያየው። መኪናዋ ስትሄድ ቆይታ የጎማው ሙቀት በ10 ዲግሪ ቢጨምር ግፊቱ በ1 ተኩል ፒኤስአይ ያህል መጨመሩ የታወቀ ነው፤ ፋብሪካው ይህንን አስቦ ነው በሾፌሩ በር ጎን ቁጥሩን የለጠፈው። ቁጥሩም የቀዝቃዛ ጎማ ነው። በሞቀ ጎማ ለክቶ ንፋስ ያስወጣ ሰው በማግስቱ ጠዋት የሚነሳው በጎደለ ጎማ ነው።

አንድ ጊዜ አንድ ሸምገል ያሉ ጎሚስታ ሲሠሩ ቁጭ ብዬ አየሁ። መኪናዋን በክሪክ አነሱና ምንም መሣሪያ ሳይዙ መዳፋቸውን ጎማው ላይ አስቀምጠው ከውስጥ ወደ ውጭ ሳቡት፤ ከዚያ ከውጭ ወደ ውስጥ መለሱት። «ንካው ልጄ» አሉት ባለመኪናውን። በአንዱ በኩል ለስላሳ ነው፣ በሌላው በኩል እንደ መጋዝ ይቧጭራል። «ይሄ አላይመንት ነው፤ አዲስ ጎማ ብትገዛም ይበላብሃል።» ቀጥለው አንድ እጃቸውን ሞላው ላይ አድርገው በሌላው እጃቸው ጎማውን አሽከረከሩ፤ ኩሽኔታው የተበላ ቢሆን ኖሮ ንዝረቱ በሞላው በኩል እጃቸው ላይ ይመጣ ነበር። ባለመኪናው ድምፁን የጎማ ጥራት ነው ብሎ አራት ጎማ ሊቀይር ነበር የመጣው።

እናንተም በጆሯችሁ መለየት ትችላላችሁ። አስፋልቱ ሲቀየር የሚቀየር ድምፅ የመንገዱ ነው። መንገዱ ምንም ቢሆን የማይለቅ፣ መሪ ወደ አንድ ጎን ስታዞሩ የሚጨምርና ወደ ሌላው ስታዞሩ የሚቀንስ ከሆነ ኩሽኔታውን ጠርጥሩ። «ው-ው-ው» እያለ ከፍጥነት ጋር የሚፈጥን ከሆነ ጥርሱ ሳይስተካከል ተበልቷል፤ ሾኩን አስፈትሹ። ይህን ሁሉ ግን ቴፑ ከፍ ብሎ እያለ መስማት አይቻልም።

ይህን አጥብቄ የምናገረው ደንገጎ ስላለ ነው። ከሐረር ስንመለስ ያንን ጠመዝማዛ ቁልቁለት የምንወርደው ክብደቱ ሁሉ ፊት ጎማዎች ላይ ተጭኖ፣ የፍሬኑ ሙቀት ወደ ቸርኬው እየገባ፣ ከኋላችን የጭነት መኪና እየተከተለን ነው። ያረጀ ጎማ የሚፈተነው እዚያ ነው።

ስለዚህ ነገ ጠዋት፣ መኪናዋ ሳትንቀሳቀስ፣ ንፋሱን ለኩ። ከዚያ በጎማው ጎን ዲ ኦ ቲ ከሚሉት ፊደላት ቀጥሎ መጨረሻ ላይ ያሉትን አራት አኃዞች ፈልጉ። 2319 ካለ በፈረንጅ አቆጣጠር በ2019፣ በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ብዙ አምራቾች ጥርሱ ቢኖርም ከ10 ዓመት በላይ አትጠቀሙበት ይላሉ፤ እንደ ድሬ ባለ ፀሐይ ግን ያን ያህል መጠበቅ ተገቢ አይመስለኝም። ትርፍ ጎማውንም እዩት፣ ብዙ ጊዜ ከሁሉም የሚያረጀው እሱ ነው። አዲስ ጎማ ስትገዙም ላስቲኩ ያብረቀርቃል ብላችሁ አትመኑ፣ መጋዘን ውስጥ ዓመታት ያሳለፈም ያብረቀርቃል። ያንን ቁጥር ሊያሳያችሁ የሚያቅማማ ነጋዴ ካጋጠማችሁ ጎማውን ትታችሁ ውጡ።