ምስክር የማይቀበል አካውንት

ለትምህርት ከአገር ወጥቼ ባለሁበት ስልኬ ባቡር ላይ ተሰረቀ። በስልኩ ብዙም አልተናደድኩም፤ ቁጥሬን በአዲስ ሲም ካርድ ወዲያው አስመልሻለሁ። ያበሳጨኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። የዩኒቨርሲቲዬ አካውንት ፓስወርዴን ከተቀበለ በኋላ በስልኬ ያለውን ኮድ ጠየቀኝ። ኮዱ ደግሞ ከቁጥሬ ጋር አብሮ አልተመለሰም። ኦተንቲኬተር የሚባለው አፕ በየ30 ሰከንዱ የሚቀያይራቸውን ስድስት አኃዞች የሚያወጣው፣ መጀመሪያ ስንመዘገብ ስልኩ ውስጥ ከሚቀመጥ ምስጢራዊ ቁልፍ ነው። ቁልፉ ከሌባው ጋር ሄዷል።

ኢሜይሌ፣ የመመረቂያ ጽሑፌ ረቂቅ፣ የክፍያ ደረሰኜ ሳይቀር እዚያ ውስጥ ነው። እርዳታ የሚጠየቅበት ቅጽ ራሱ አካውንቱ ውስጥ ካልተገባ አይከፈትም። ሲመዘግቡን ስለ መጠባበቂያ ኮድ ትንፍሽ ያለ ሰው አልነበረም።

ደወልኩ። የአይቲ ክፍሉ ሠራተኛ ትሑት ነበረች። የተወለድኩበትን ከተማ ጠየቀችኝ፤ ውጫሌ አልኳት። ፊደል በፊደል ንገረኝ አለች። የውጫሌ ልጅ ይህን ጣጣ ያውቀዋል፤ በላቲን ፊደል ፓስፖርት ላይ አንድ ዓይነት፣ ትራንስክሪፕት ላይ ሌላ፣ የ1881 ዓ.ም.ን የውጫሌ ውል የሚያወሱ የጣሊያን መጻሕፍት ላይ ደግሞ «ኡቻሊ» ነው። ቀጥላ እናቴ ከማግባቷ በፊት የነበራትን የቤተሰብ ስም ጠየቀችኝ። እናቴ ስሟን ቀይራ አታውቅም። በአባቷ ስም አገባች፣ ዛሬም በአባቷ ስም ትጠራለች። ስሟን ሰፈሩ ሁሉ ስለሚያውቀው ምስጢር ሊሆን አይችልም። በመጨረሻ «ፓስፖርትህን ይዘህ በአካል ና» ተባልኩ።

ሄድኩ። ፓስፖርቴ ላይ የእኔ፣ የአባቴና የአያቴ ስም አለ፤ የዩኒቨርሲቲው አካውንት ላይ ግን የአያቴ ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ገብቶ የአባቴ ተዘሏል። ስለዚህ አይገጣጠምም። አማካሪዬ ፕሮፌሰር አብሮኝ መጥቶ ነበር። የሠራተኛ መታወቂያውን አውጥቶ «ተማሪዬ ነው፣ በየሳምንቱ አገኘዋለሁ» አላቸው። የሰው ቃል እንደ ማስረጃ እንደማይያዝ ነገሩት። እንደዚያች ሰዓት ከፍቶኝ አያውቅም። ሰውየው የመመረቂያ ጽሑፌ ላይ ፈርሞ ዲግሪ ሊያሰጠኝ ይችላል፤ እኔ እኔ መሆኔን ግን ሊናገር አይችልም!

ውጫሌ መታወቂያ የጠፋበት ሰው የፖሊስ ማስረጃና ጉርድ ፎቶ ይዞ ቀበሌ ይሄዳል። ጸሐፊው ቀና ብሎ ያየውና «አንተ የእንትና ልጅ አይደለህም እንዴ?» ይለዋል። ካላወቀው የዕድር ሰው ወይም ጎረቤት ተጠርቶ ይመሰክርለታል፣ ይፈርማል፣ ማኅተም ይመታል። በሐሰት የመሰከረ ሰው ነገም እዚያው ሰፈር ነው የሚውለው፤ የሚጠየቀውም በስሙ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር የሰሜኑ ጦርነት የኛን ደቡብ ወሎ ሲያዳርስ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ሳይቀር ተዘርፏል፣ የስንቱ መሥሪያ ቤት መዝገብ ወድሟል። ወረቀት ሲጠፋ የሚተርፈው የሚያውቅህ ሰው ነው። ይህን ለፕሮፌሰሬ በዝርዝር ነገርኩት፣ ድምፄም ከፍ ብሎ ነበር።

እያደር ግን ሌላም ነገር አሰብኩ። ከወለጋ ተፈናቅሎ ሐይቅ ከተማ አጠገብ ጃሪ መጠለያ የገባ ሰውስ? የሚያውቀው ቀበሌ ሩቅ ነው፣ ጎረቤቱ ተበትኗል። የኛ ምስክር የሚሠራው በምንታወቅበት አገር ነው። እኔም እዚህ እንግዳ ነኝ፤ ዩኒቨርሲቲውም የሚያስተናግደው በሺህ የሚቆጠር እንግዳ ነው። ደግሞም በ2023 እ.ኤ.አ. የላስ ቬጋሱ የሆቴልና የቁማር ቤት ኩባንያ ኤምጂኤም ሪዞርትስ ላይ የደረሰውን የሳይበር ጥቃት አነበብኩ። አጥቂዎቹ ሠራተኛ መስለው የእርዳታ ክፍሉን በስልክ አነጋግረው እንደገቡ ተዘግቧል፤ ኩባንያው ጉዳቱን 100 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ብሎታል። ያቺ ትሑት ሠራተኛ በድምፄ ብቻ ብትከፍትልኝ ኖሮ ለሌባውም ትከፍትለት ነበር። ቢሆንም በአካል ቆሞ፣ መታወቂያውን አሳይቶ ለመፈረም የተዘጋጀ ምስክር ሊከለከል አይገባም ባይ ነኝ። ይህን አሁንም አልለወጥኩም።

በመጨረሻ የዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር ሦስቱም ስም ያለበትን የቅበላ ፋይሌን አውጥቶ ለአይቲ ክፍሉ ላከ፣ ጊዜያዊ ኮድ ተሰጠኝ፣ ገባሁ።

በኮድ ማንነት የማረጋገጡ ነገር አገር ቤትም እየገባ ነው። በአዋጅ 1284/2015 የተደነገገው ዲጂታል መታወቂያ፣ ፋይዳ፣ ባለ 12 አኃዝ ቁጥር ነው፤ ሲመዘገቡ አሻራና የዓይን ብሌን ይነሣሉ፣ ለማረጋገጫ ኮድ ሲያስፈልግ ወደ ተመዘገበው ስልክ ይላካል። ኔትወርክ በተቋረጠበት ቀን ያ ኮድ ከየት ይመጣል? ከ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን በአማራ የሞባይል ኢንተርኔቱ ብቻ እንኳ ለወራት ተዘግቶ እንደነበር የማያስታውስ የለም። በዚህ በኩል ያማረርኩበት አፕ ይሻላል፤ ኮዱን የሚያወጣው ከቁልፉና ከስልኩ ሰዓት ስለሆነ ኔትወርክ አይፈልግም።

ዘንድሮ ለትምህርት ከአገር የምትወጡ የወሎ ልጆች፣ አካውንት በከፈታችሁ ቀን ሁለተኛ ስልክ ወይም መሣሪያ አብራችሁ አስመዝግቡ። የመጠባበቂያ ኮድ የሚሰጥ ከሆነ አትማችሁ በወረቀት አስቀምጡት፣ ስልኩ ውስጥ አይሁን። ሬጅስትራሩ የአባታችሁን ስም እንዳይዘል መጀመሪያውኑ ተከራከሩ፤ የከተማችሁንም ስም ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ጻፉ።