እጃችን ገብቶ ያመለጠው ቆጠራ

በ2011 ዓ.ም. ሳይካሄድ የቀረው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ዛሬም ያንገበግበኛል። ካርታው ተነሥቶ፣ ታብሌቱ ተገዝቶ፣ ቀኑ ተቆርጦ ነበር። ሰኔ 3 ቀን ግን የሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ «ለአንድ ዓመት ይራዘም» ብሎ ወሰነ። ያ አንድ ዓመት እስካሁን አላለቀም።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 103 ግልጽ ነው፦ ሕዝብ በየ10 ዓመቱ ይቆጠራል፤ የፌዴሬሽን ምክር ቤትም ውጤቱን ይዞ፣ ምርጫ ቦርድ በሚያቀርብለት ረቂቅ መሠረት የምርጫ ክልሎችን ወሰን ይቆርጣል። የመጨረሻው ቆጠራ የ1999ኙ ነው። እሱም ቢሆን የፓርላማውን የወንበር ድልድል አልነካም፤ አማራ ክልል 138፣ ሶማሌ ክልል 23 እንደያዙ ቀጠሉ። በዚያ ቆጠራ መሠረት የአማራ ክልል የአንድ ወንበር ድርሻ 125 ሺህ ገደማ ሰው ሲሆን፣ የሶማሌው 193 ሺህ ገደማ ነበር።

እውነቱን እንነጋገር ካልን፣ በዚያ ቁጥር ድልድሉ ቢከለስ ኖሮ እኛ የአማራ ክልል ሰዎች ወንበር ሊቀነስብን ይችል ነበር። ግን ቁጥሩ ራሱ አከራካሪ ነው፤ የአማራ ሕዝብ ቀድሞ ከተተነበየው ከ2 ሚሊዮን በላይ አንሶ መገኘቱ ፓርላማ ድረስ ጥያቄ አስነሥቷል። ያንን ክርክር ሊቆርጥ የሚችለው አዲስ ቆጠራ ብቻ ነበር።

የቆጠራው መቅረት ምን እንዳጎደለ ለማየት የጎጃሟን መርጡለ ማርያምን እንያት፤ የእነብሴ ሳር ምድር ወረዳ መቀመጫ፣ እቴጌ እሌኒ ቤተ ክርስቲያን ያሳነጹባት ጥንታዊት ደብር ናት። ወጣቱ ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ይወርዳል፤ የተማረው ባሕር ዳርና አዲስ አበባ ይቀራል። ስንቱ ተወለደ፣ ስንቱ ወጥቶ ቀረ? እንደራሴዋ የሚናገረው ስለ 1999ኙ ሕዝብ ነው። የፌዴራል ድጎማውም ቢሆን የሕዝብ ብዛት ታይቶ የሚቀመር ነው።

ቆጠራው ሲራዘም አንዱ ምክንያት የጸጥታ ችግር ነበር። ወይ ጸጥታ! ያኔ ቆጣሪ ከሞጣ ተነሥቶ ቢቸና ድረስ ቤት ለቤት መዞር ይችል ነበር። በ2013 የሰሜኑ ጦርነት መጣ፤ ከ2015 ማብቂያ ወዲህ ደግሞ ጎጃም ራሱ የጦርነት ቀጠና ሆኗል። ዛሬ «ለምን አንቆጠርም» ማለት ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። መጮህ የነበረብን ያኔ፣ በ2011 ነበር፤ ዝም አልን።

እንግዲህ ሰላም የወረደ ዕለት የመጀመሪያው ጥያቄያችን «ቁጠሩን» ይሁን፤ ወንበራችን ቢጨምርም ቢቀንስም።