የደበቅሁት ቤት

እኔ የእነዋሪ ልጅ ነኝ። ሆላንድ ገብተን ቤት ለመግዛት ከባለቤቴ ጋር ስንመክር አንድ ነገር ደብቄያት ነበር። እነዋሪ ለማሠራው ቤት ሦስት ዓመት ሙሉ ገንዘብ ስልክ ኖሬአለሁ። በ1994 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 270 እንደኔ ዜግነቱን የቀየረ ትውልደ ኢትዮጵያዊ በአገሩ ቤት እንዲኖረው ስለሚፈቅድ፣ “ሕጋዊ ነው” እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ። ሕጉ ቢፈቅድስ፣ ሚስቴን መች ጠየቅኋት?

እሷ ለአውቶቡስ የሚወጣውን ለመቆጠብ ልጃችንን ከኋላዋ አስቀምጣ በብስክሌት ትመላለስ ነበር። ያ አገር ከሰው ይልቅ ብስክሌት ይበዛበታል። ሜዳነቱ እንደ ጅሩ ነው፤ ነፋሱ ግን አያድርስ!

ባንኩ ለቤት ብድሩ የሁለታችንንም ሒሳብ ጠየቀ። እናንተ ባለ ትዳሮች፣ የትዳር ጓደኛችሁ የማያውቀው ሐዋላ ካላችሁ ያን ቀን አስቡት። ማታ ዝናብ መትቷት ገባች፤ ጓንቷን ስታወልቅ ጣቶቿ አይታጠፉም። የሐዋላውን ደረሰኞች ፊቷ ዘረገፍኳቸው። ብዙ ዝም ካለች በኋላ፣ “እነዋሪ ቤት ብትሠራ መች ይከፋኛል? አብረን እንጸልይበት ነበር እንጂ” አለችኝ።

የእነዋሪው ቤት እስካሁን ጣሪያ አልለበሰም። በማግሥቱ ጠዋት ግን ልጁን ከኋላዬ አስቀምጬ ትምህርት ቤት ያደረስኩት እኔ ነበርኩ።