የትልልቆቹ ኩባንያዎች አፈ ቀላጤ

ኒውዮርክ ውስጥ የነጋዴው ጠበቃ ማን ነው ሲባል ለረጅም ዘመን የሚነሳው ስም ካትሪን ዋይልድ ነበር። የዊስኮንሲን ተወላጇ ግን ሥራ የጀመሩት ባንክ ውስጥ አይደለም፤ ብሩክሊን፣ ሰንሴት ፓርክ በሚገኝ የሉተራን ሆስፒታል ነው።

ከዚያ ቤት ወደማስገንባት ተሻገሩ። ዴቪድ ሮክፌለር እ.ኤ.አ. በ1979 ባቋቋሙት የከተማዋ የንግድ መሪዎች ማኅበር ሥር፣ መካከለኛ ገቢ ላላቸው ቤተሰቦች መኖሪያ የማሠራቱን ሥራ መሩ። ማኅበሩን ራሱን ደግሞ ከ20 ዓመት በላይ።

የሚገርመው ይሄ ነው፦ ነጋዴ አዲስ ክፍያ ሲባል ፊቱን ያጠቁራል፤ እሳቸው ግን ወደ ማንሃታን መሐል የሚገባ መኪና ይክፈል ብለው ተከራከሩ። ምክንያታቸውም የባለሀብት ስሌት ነበር፤ ማኅበሩ በ2018 ባወጣው ግምት የትራፊክ መጨናነቅ ከተማዋንና ዙሪያዋን በዓመት 20 ቢሊዮን ዶላር ያስከፍል ነበር።

ከንቲባ ብሉምበርግ በ2007 ያቀረቡት ይህ የመኪና ክፍያ ሐሳብ ሥራ ላይ የዋለው በጃንዋሪ 2025 ነው።